በወረርሽኝ ጊዜ ስለሚደረግ ሰላማዊ ሰልፍ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው የሚነገረው ሕመሙን አፍሮ ወይም ፈርቶ ስለሚሸሽግ ስለ አንድ ሰው ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ምሳሌውን ከአንድ ሰው ወደ ሕዝብ አሻግረን ልንመረምረው እንወዳለን። አገር በወረርሽኝ በተያዘች ጊዜ ሕዝብ የደረሰበትን ጭንቅ አደባባይ ወጥቶ ለመናገር መብት አለውን? ወይስ በሽታው እስኪያልፍ ድረስ ችግሩን በሆዱ ይዞ በቤቱ መቀመጥ ይገባዋል?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው በጥናት ክበባችን ውስጥ በተደረገ ክርክር ምክንያት ነው። የኮሮና በሽታ በ2012 ዓ.ም. ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ ልዩ ልዩ መንግሥታት ስላወጡት ክልከላ ስንነጋገር፣ የሕግ ተማሪ የሆነ አንድ ጓደኛችን፣ «መብት የሚያስፈልገው በጭንቅ ቀን ነው፤ በደኅናው ቀንማ ማን ይከለክለናል?» አለ። የሕክምና ተማሪ የሆነች እኅታችን ደግሞ፣ «በሽታ ሕገ መንግሥት አያነብም። እናንተ ጮኻችሁ፣ ነጻነታችሁን አሳይታችሁ ወደ ቤት ስትመለሱ፣ ሰልፉን በዓይናቸው ያላዩት እናታችሁ ይዛችሁት በገባችሁት በሽታ ይሞታሉ። እሳቸውን ማን ጠየቃቸው?» ብላ መለሰችለት። በዚያ ምሽት ከሁለቱ የተረታ አልነበረም። ሁለቱም እውነት ስለ ተናገሩ ነገሩን በስሜት ከመከራከር ይልቅ በማስረጃ እንድናየው ተስማማን። ያገኘነውንም እነሆ ለአንባብያን እናቀርባለን። የውጭ አገር ነገር በምንጠቅስበት ጊዜ ዘመኑ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሀ. ፍርሃቱ እውነተኛ ነው

መብትን ለመከላከል ሲባል የበሽታውን አደጋ ማቃለል አይገባም። የሕዝብ መሰብሰብ በወረርሽኝ ጊዜ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ታሪክ በሚገባ ያስተምረናል።

በ1918 በአሜሪካ፣ በፊላዴልፊያ ከተማ፣ ለጦርነቱ የሚሆን ብድር ከሕዝብ ለመሰብሰብ ታላቅ ሰልፍ ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ሕዝብ የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ ወደ ከተማይቱ ገብቶ ነበር። ሐኪሞች ሰልፉ እንዲቀር ቢመክሩም ባለሥልጣኖቹ አልሰሙም፤ ሴፕቴምበር 28 ቀን 200,000 ያህል ሕዝብ በጎዳናው ላይ ተጨናንቆ ዋለ። በሦስት ቀን ውስጥ የከተማይቱ ሆስፒታሎች አልጋዎች ሞሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ይህ ሰልፍ መንግሥት ራሱ ያበረታታው እንጂ ማንንም የሚቃወም አልነበረም። በሽታ የሰልፈኛውን ዓላማ ለይቶ አይዝም።

ያው በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን ክፉኛ አስጨነቃት። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። ሕዝቡም የኅዳር በሽታ ብሎ ጠራው፤ እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል የሚታሰበው ያ ዘመን ነው።

ወደ ቅርቡ ስንመጣም ተመሳሳይ ማስረጃ እናገኛለን። በኖቬምበር 2020 በጀርመን አገር፣ በላይፕዚግና በበርሊን፣ የበሽታ መከላከያ ደንቦችን የሚቃወሙ ታላላቅ ሰልፎች ተደርገው ነበር። ከተሰላፊዎቹ ብዙዎቹ ማስክ አላደረጉም፤ ርቀትም አልጠበቁም። ከዚያ በኋላ ሁለት ተመራማሪዎች ተሰላፊዎችን የሚያመላልሱ አውቶቡሶች የተነሡባቸውን አካባቢዎች ካልተነሡባቸው ጋር አወዳደሩ። አውቶቡስ በተነሣባቸው አካባቢዎች በሽታው ከሌሎቹ ይልቅ በፍጥነት ጨምሮ አገኙት። ሰልፎቹ ባይደረጉ ኖሮ ከ16,000 እስከ 21,000 የሚሆኑ ሰዎች ከበሽታው ይድኑ ነበር ብለውም ገመቱ። የሕክምና ተማሪዋ እኅታችን የፈራችው ይህንኑ ነበር።

ይሁን እንጂ ሌላም ማስረጃ አለ። በዚያው በ2020፣ በሜይ መጨረሻና በጁን፣ ጆርጅ ፍሎይድ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በፖሊስ እጅ በመሞቱ ምክንያት በአሜሪካ በብዙ መቶ ከተሞች ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። ብዙ ሰው ከፍ ያለ የበሽታ ማዕበል ይከተላል ብሎ ፈርቶ ነበር። ነገር ግን የታላላቅ ከተሞችን ቍጥር የመረመሩ ምሁራን በተከታዮቹ ሳምንታት የተፈራውን ያህል መባባስ አላገኙም። ሰልፉ በክፍት አየር ላይ መደረጉ፣ ብዙዎቹ ማስክ ማድረጋቸውና ሰልፍ ያልወጣውም ሕዝብ በብዛት ከቤቱ አለመውጣቱ እንደ ምክንያት ተጠቅሷል።

ከሁለቱ ማስረጃዎች የምንማረው፣ አደጋው የሚመዘነው «ሰልፍ» በሚለው ስም ሳይሆን በአደራረጉ መሆኑን ነው። ሰዎቹ እንዴት መጡ? ተራርቀው ነው ወይስ ተጣብቀው የቆሙት? ማስክ አድርገዋልን? መስኮቱ በተዘጋ አውቶቡስ ውስጥ ስንት ሰዓት አብረው ተቀመጡ? የጀርመኑ ጥናት በተለይ የሚያስገነዝበን፣ አደባባዩ ብቻ ሳይሆን ወደ አደባባዩ የሚወስደው መንገድም መመርመር እንዳለበት ነው።

ለ. በወረርሽኝ ጊዜ የሕዝብ ድምፅ ስለ ምን ያስፈልጋል?

አንዳንድ ሰዎች፣ «ሰልፍ ቅንጦት ነው፤ ጤና ሲመለስ ይደርሳል» ይላሉ። ይህ አስተያየት አንድ ዋና ነገር ይዘነጋል። ወረርሽኝ ራሱ ብዙ በደል ይዞ ይመጣል፤ ያን በደል ቀድሞ የሚያውቀውም የደረሰበት ሰው ነው።

በአፕሪል 2020 መጀመሪያ በፓኪስታን፣ በኩዌታ ከተማ፣ ሐኪሞች አደባባይ ወጡ። የጠየቁት ደመወዝ ወይም ሹመት አልነበረም። «ሕመምተኞችን የምናክምበት መከላከያ ልብስና ማስክ የለንም» ነበር ያሉት። ፖሊስ በዱላ በተናቸው፤ በደርዘን የሚቈጠሩትንም አሰረ። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ በዚያ ቀን ስለ ሕዝብ ጤና የሚናገረው ማን ነበር? ደንብ አስከባሪው ነው ወይስ የታሰረው ሐኪም? የሐኪሙ ጩኸት ለበሽተኛ ከሚደረግ የሙቀት መለኪያ የሚለይ አይደለም። ትኵሳቱ እንዳይታይ መለኪያውን መስበር ሕመሙን አያድንም። የመነሻችንም ምሳሌ የሚለው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። በወረርሽኝ ጊዜ የመንግሥት ሥልጣን ከወትሮው ይሰፋል፤ የሕዝብ መናገሪያ መንገዶች ደግሞ ይጠባሉ። ምክር ቤቶች ስብሰባቸውን ያሳጥራሉ፤ ፍርድ ቤቶች በከፊል ይዘጋሉ፤ ምርጫ ይተላለፋል። በአገራችንም በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ሊደረግ ታቅዶ የነበረው ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ተላልፎ የተደረገው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። ምርጫውን ማስተላለፍ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ርእስ አይደለም። እኛ ማለት የምንወደው፣ አንዱ በር ሲዘጋ በቀረው በር የሚወጣው ድምፅ ክብደቱ እንደሚጨምር ነው።

ሐ. ሕጉ ምን ይላል?

የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በ1966 በተባበሩት መንግሥታት ጸደቀ፤ ኢትዮጵያም በ1993 ገብታበታለች። በቃል ኪዳኑ አንቀጽ 21 መሠረት በሰላም የመሰብሰብ መብት ይታወቃል፤ ይህም መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ መሠረት፣ ለተዘረዘሩት ምክንያቶችና አስፈላጊ ሲሆን ነው። ከተዘረዘሩትም ምክንያቶች አንዱ የሕዝብ ጤና ነው። ስለዚህ «ጤና መብትን ሊገድብ አይችልም» የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ነገር ግን «አስፈላጊ» የሚለውን ቃል ጠበቅ አድርገን መያዝ አለብን። አስፈላጊ ማለት ለባለሥልጣን የሚመች ማለት አይደለም። ከዚያ ያነሰ ሌላ ዘዴ አይበቃም ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ ወረርሽኙ በበረታበት በጁላይ 2020 ስለዚህ አንቀጽ ባወጣው ትርጓሜ፣ ተላላፊ በሽታ ሲነሣና መሰብሰብ አደገኛ ሲሆን ገደብ ሊደረግ እንደሚችል አምኗል። በጅምላ የሚደረግ ክልከላ ግን በመጀመሪያ እይታ ከልክ ያለፈ እንደሚቈጠር በዚያው ጽሑፍ አመልክቷል።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የማድረግ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አዋጅ ቍጥር 3/1983 ደግሞ ሰልፍ የሚጠራ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያዛል። «ማስታወቅ» እና «ማስፈቀድ» የተለያዩ ቃላት ናቸው። የሚያስታውቅ ሰው መብቱን ይዞ ይመጣል፤ የሚያስፈቅድ ሰው መብቱን ሊለምን ይመጣል። ይህ ልዩነት ለተማሪ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1959 ዓ.ም. ሰላማዊ ሰልፍን የሚገድብ አዋጅ በወጣ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በብርቱ የተቃወሙት ልዩነቱን ስለ ተረዱ ነበር።

ስለ አስቸኳይ ጊዜ የሚናገረው አንቀጽ 93 ወረርሽኝ የአዋጅ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የታወጀውም በዚህ አንቀጽ መሠረት ነው። በአንቀጹ የማይነኩ ተብለው ከተቈጠሩት መብቶች መካከል አንቀጽ 30 የለም። እንግዲህ በአስቸኳይ ጊዜ ሰልፍ ሊታገድ ይችላል ማለት ነው። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ ያለ ልጓም አልተወውም፤ አዋጁ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲቀርብ፣ የጊዜ ወሰን እንዲኖረው፣ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ የሚያስታውቅ መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም አዟል። እነዚህን ልጓሞች አውቆ መጠየቅ የዜጋ ሥራ ነው።

መ. የጊሰን ከተማ ነገር

ከላይ የተባለውን በተግባር ለማየት ከሁሉ የሚጠቅመን በጀርመን አገር በጊሰን ከተማ የሆነው ነገር ነው። ጊሰን በሄሰን ግዛት የምትገኝ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። በአፕሪል 2020 አንድ ሰው ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት የሚቆይ ስብሰባ በአደባባይ ሊያደርግ መሆኑን ለከተማይቱ አስተዳደር አስታወቀ። የስብሰባው ዓላማ ጤና እንዲጠበቅ፣ መሠረታዊ መብቶችም እንዳይዳከሙ ለማሳሰብ ነበር። የሚመጡት 30 ያህል ሰዎች እንደሚሆኑ ገመተ፤ ተራርቀው እንዲቆሙ የሚያደርግ ዝግጅት እንዳለውም ገለጸ። አስተዳደሩ ግን የግዛቱ ደንብ ከአንድ ቤት ያልሆኑ ከሁለት በላይ ሰዎች እንዳይሰበሰቡ ይከለክላል ብሎ ስብሰባውን አገደ። ሰውየው ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ሄደ፤ አልሆነለትም። ይግባኝ አለ፤ አሁንም አልሆነለትም። በመጨረሻ በካርልስሩኸ ለሚገኘው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አመለከተ። ይህ ፍርድ ቤት አፕሪል 15 ቀን ውሳኔውን ሰጠ።

ውሳኔው አጭር ነው፤ ትምህርቱ ግን ሰፊ ነው። ዳኞቹ በሽታው አያስፈራም አላሉም። ስብሰባው የግድ ይደረግ ብለውም አላዘዙም። ያሉት፣ አስተዳደሩ «ደንቡ ስብሰባን ሁሉ በጅምላ ይከለክላል፤ እኔም የምመረምረው የለም» ብሎ በማሰቡ ተሳስቷል ነው። በፊቱ የቀረበውን ይህን ስብሰባ፣ ከነቦታው፣ ከነቍጥሩና ከነዝግጅቱ ሳይመረምር በመከልከሉ የሰውየውን መብት ጥሷል። ስለዚህ አስተዳደሩ እንደገና እንዲመረምርና አስፈላጊ ቢሆን ሁኔታ አበጅቶ መፍቀድ ይቻል እንደሆነ እንዲያይ መንገድ ከፈቱለት። ከሁለት ቀን በኋላም ይኸው ፍርድ ቤት ስለ ሽቱትጋርት ከተማ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጠ፤ በዚያ ደግሞ ባለሥልጣኖቹ በቀረበላቸው ማስታወቂያ ላይ ውሳኔ ለመስጠት እንኳ ፈቃደኞች አልነበሩም።

የሕክምና ተማሪዋ እኅታችን ይህን ስናነብላት፣ «ይህማ የእኛም ሕግ ነው፤ ሕመምተኛውን ሳያይ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም አይታመንም» አለች። እኛም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘንም። በጅምላ መከልከል ባለሥልጣኑን ከድካም ያድነዋል፤ ዳኞቹ የጠየቁት ድካሙን እንዲቀበል ነው።

ሠ. ሚዛኑ ለሁሉ እኩል ይሁን

በስዊስ አገር ከማርች 2020 አጋማሽ እስከ ሜይ መጨረሻ ድረስ የሕዝብ ስብሰባ ተከልክሎ ነበር። በጄኔቭ የሚገኝ የሠራተኞች ማኅበራት ኅብረት በዚህ ምክንያት የሜይ 1 ቀን ሰልፉን ሰረዘና ለኤውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት አመለከተ። በ2022 የመጀመሪያው ችሎት መብቱ ተጥሷል ብሎ ፈረደ። ችሎቱ ካያቸው ነገሮች አንዱ፣ በዚያው ወቅት ብዙ መቶ ሰዎች የሚሠሩባቸው የሥራ ቦታዎች ክፍት መሆናቸው ነበር። ሠራተኛው በጣሪያ ሥር ከመቶ ባልደረቦቹ ጋር መሥራት ከተፈቀደለት፣ ስለ ሥራው ሁኔታ በክፍት አየር ላይ መናገር ስለ ምን ይከለከላል? ሆኖም በኖቬምበር 2023 ታላቁ ችሎት፣ ማኅበሩ በአገሩ ፍርድ ቤቶች ያለውን መንገድ አስቀድሞ አልጨረሰም በማለት ማመልከቻውን አልተቀበለውም። ዋናው ጥያቄም ሳይመለስ ቀረ። ከዚህም ለባለመብቱ ትምህርት አለበት፤ ቅርብ ያለውን የፍርድ ቤት ደጃፍ ሳያንኳኩ ሩቅ መሄድ እንደማያዋጣ ያስረዳል።

በፈረንሳይ አገር ደግሞ መንግሥት በሕዝብ ቦታ ከ10 ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሎ ነበር። ጁን 13 ቀን 2020 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ የበሽታው ሁኔታ በተሻሻለበትና ሌሎች ሥራዎች በተከፈቱበት ጊዜ ክልከላውን በሰልፍ ላይ ብቻ ማጽናት ተገቢ አይደለም በማለት አገደው። መንግሥት በምትኩ «ሰልፍ በቅድሚያ ይፈቀድ» የሚል ደንብ ቢያወጣ፣ ፍርድ ቤቱ በጁላይ ይህንንም አገደው። ከ5,000 ሰው በላይ መሰብሰብን የሚከለክለውን ደንብ ግን አጸናው። በዚህ ውሳኔ ሁለቱም ጓደኞቻችን ድርሻ አላቸው፤ መብቱ ተጠብቋል፣ የብዛቱም አደጋ ተቈጥሯል።

ረ. ሰልፉ ቢከለከል ሕዝቡ የት ይሄዳል?

በማርች 2021 በሎንዶን አንዲት ሴት በፖሊስ ባልደረባ ተጠልፋ ተገደለች። አራት ሴቶች በክላፓም ሜዳ የኀዘን ስብሰባ አዘጋጁ፤ አስተናጋጆች ሊመድቡና ርቀት ሊያስጠብቁ አስበው ነበር። ፖሊስ ስብሰባው ሕገ ወጥ ሊሆን እንደሚችል አሳሰባቸው፤ በያንዳንዳቸው ላይ 10,000 ፓውንድ መቀጮ ሊወድቅ ስለሚችል ፈርተው ስብሰባውን ሰረዙ። ሕዝቡ ግን አልቀረም። ማርች 13 ቀን ማታ ብዙ ሰው አበባና ሻማ ይዞ በሜዳው ተገኘ። አስተናጋጅ የለም፤ ርቀት የሚያስጠብቅ የለም። መጨረሻው ከፖሊስ ጋር ግርግር ሆነ። ክልከላው ሕዝቡን ሳያስቀር ሥርዓቱን ብቻ አስቀረ፤ በሽታን ለመከላከልም ቢሆን ከዚህ የከፋ ውጤት አይገኝም።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በማርች 2022፣ ፍርድ ቤት ፖሊስ የስብሰባውን ልዩ ሁኔታ በሚገባ ሳይመረምር የአዘጋጆቹን መብት ጥሷል ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም ዘግይቷል። በጊሰን ጉዳዩ በጥቂት ቀናት አለቀ፤ በሎንዶን አንድ ዓመት ፈጀ። የኀዘን ቀን ደግሞ አንዴ ካለፈ አይመለስም። ስለዚህ ፍርድ ቤት በወረርሽኝ ጊዜ ክፍት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ፈጣን መሆኑም የመብቱ ክፍል ነው።

ሰ. የቦታና የጊዜ ወጥመድ

እስከ አሁን «ሰልፉ እንዴት ይደረግ?» ብሎ መጠየቅ «ይደረግ ወይስ ይቅር?» ከማለት የተሻለ መሆኑን አይተናል። ነገር ግን «እንዴት» የሚለውም ጥያቄ ወጥመድ ሊሆን ይችላል።

በእስራኤል አገር በአፕሪል 2020 በቴል አቪቭ አደባባይ ከ2,000 በላይ ሰዎች በመሬቱ ላይ በተደረገው ምልክት መሠረት ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀው ቆመው ተቃውሟቸውን አሰሙ። ይህ ለዓለም ምሳሌ የሆነ ሰልፍ ነበር። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መጨረሻ ግን አዲስ ሕግ ወጣ፤ በእርሱም መሠረት ሰው ከቤቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሰልፍ እንዳይወጣ ለጥቂት ሳምንታት ተከለከለ። የተቃውሞው ማእከል በኢየሩሳሌም የጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ፊት ነበርና፣ ክልከላው የሰልፉን ቃል ከሰሚው ጆሮ አራቀው። ሰዎች በየሰፈራቸው መንገድ መገናኛዎችና ድልድዮች ላይ ቆመው መጮኻቸውን ቀጠሉ። በአፕሪል 2021 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያ የርቀት ገደብ ሕጋዊ አልነበረም ብሎ ወሰነ። አቤቱታ የሚሰማው ሰው ካለበት ቦታ ተባርሮ እንዲነገር ሲፈቀድ፣ የተፈቀደው ጩኸት እንጂ አቤቱታ አይደለም።

በሆንግ ኮንግ ያለው ትምህርት ደግሞ ስለ ጊዜ ነው። ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ ጁን 4 ቀን በ1989 በቤይጂንግ የተገደሉትን ለማሰብ በሻማ የሚደረግ ታላቅ ስብሰባ ነበር። በ2020 ፖሊስ በበሽታው ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ከለከለው፤ በ2021ም በዚያው ምክንያት ደገመው። በ2022 መጨረሻ የበሽታው ደንብ ተነሣ። የሻማው ስብሰባ ግን አልተመለሰም፤ በመካከሉ የወጣው የጸጥታ ሕግ ቦታውን ያዘ። በሽታው መጥቶ ሄደ፤ ይዞት የገባው ዝምታ ግን ቀረ። ስለዚህ የማብቂያ ቀን የሌለው ክልከላ ሲያጋጥመን፣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ቀኑ መሆን ይገባዋል።

ሸ. የተሰላፊው ግዴታ

ባለሥልጣኑን ብዙ ጠየቅን። አሁን ራሳችንን እንጠይቅ። መብቱን የሚጠቀም ሰው አደጋውን ለብቻው አይሸከምም፤ ያልወጣው ጎረቤቱ፣ አዛውንት አያቱ፣ የሆስፒታል ነርሷም አብረው ይሸከሙታል። ስለዚህ በወረርሽኝ ጊዜ ሰልፍ የሚጠራ ማኅበር ቢያንስ የሚከተለውን መፈጸም አለበት እንላለን።

አንደኛ፣ ቦታው ክፍት አየር ያለው፣ ለሚመጣው ሰው ቍጥርም ሰፊ ይሁን፤ የመቆሚያ ምልክትም በመሬት ላይ ይደረግ። ሁለተኛ፣ ማስክ ለሌለው የሚታደል ይዘጋጅ፤ የታመመ፣ ያሳለውና ከታመመ ሰው ጋር የቆየ በቤቱ እንዲቀር አስቀድሞ ይነገር። ሦስተኛ፣ ጩኸት ትንፋሽን አርቆ ስለሚረጭ ከጩኸቱ ይልቅ ከበሮ፣ ጭብጨባና በጉልህ የተጻፈ ሰሌዳ ይመረጥ። አራተኛ፣ ተጨናንቆ በአውቶቡስ መምጣት ይቅር፤ ሰልፉ በየአቅራቢያው በትናንሽ ቡድን ቢከፈል ይሻላል። ነገር ግን መከፈሉ በአዘጋጁ ምርጫ እንጂ የሰሚውን ጆሮ ለማራቅ በተደረገ ክልከላ አይሁን። አምስተኛ፣ ለአስተዳደሩ ማስታወቂያ ሲገባ ይህ ሁሉ ዝግጅት በጽሑፍ ተዘርዝሮ አብሮ ይግባ። የጊሰኑ ሰው በፍርድ ቤት የተሰማው ዝግጅቱን አስቀድሞ ስለ ገለጸ ጭምር ነው። ዝግጅቱን ያሳየ ሰው፣ ሊከለክለው የሚሻውን ባለሥልጣን ምክንያት እንዲሰጥ ያስገድደዋል።

እነዚህን ለመፈጸም የማይፈልግ ማኅበር ሰልፉን ቢያስተላልፍ ይሻለዋል። ደግሞም በሽታው እጅግ በበረታበትና ሆስፒታሎች በሞሉበት ሳምንት ሰልፉ በምንም ዓይነት ዝግጅት የማይደረግበት ጊዜ ሊኖር እንደሚችል እናምናለን። ይህን የሚለው ሰው ግን የመረመረበትን ማስረጃና የሚያበቃበትን ቀን አብሮ ማቅረብ አለበት።

ማጠቃለያ

የሁለቱን ጓደኞቻችንን ክርክር አሁን እንዴት እንደምናየው ለመናገር እንወዳለን። የሕግ ተማሪው መብት በጭንቅ ቀን ያስፈልጋል ማለቱ ትክክል ነው፤ የኩዌታ ሐኪሞች ይመሰክሩለታል። የሕክምና ተማሪዋም ያልተጠየቁትን እናት ማስታወሷ ትክክል ነው፤ የላይፕዚግና የበርሊን አውቶቡሶች ይመሰክሩላታል። ሁለቱን የሚያስታርቀው መንገድ ድካም ያለበት ነው፤ ባለሥልጣኑ እያንዳንዱን ሰልፍ ለብቻው ይመርምር፣ አዘጋጁም ዝግጅቱን ያሳይ፣ ዳኛውም ቀኑ ሳያልፍ ይፍረድ። ከሦስቱ አንዱ ከሰነፈ ወይ መብቱ ወይ እናቲቱ ይጐዳሉ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአንድ ከተማ ገበያዎችና የአምልኮ ቦታዎች ክፍት ሆነው ሰልፍ ብቻ ቢከለከል፣ ክልከላውን የሚያጸድቅ የጤና ምክንያት ሊኖር ይችላልን? ቢኖር ምን ዓይነት ነው?

2. በሕዝቡ ዘንድ ብዙ ሰው የማይወደው ሐሳብ ያላቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ በሽታው የለም የሚሉ፣ ርቀት ጠብቀው እንሰለፋለን ቢሉ ልንከለክላቸው ይገባልን? ማስክ አናደርግም ቢሉስ?

3. በአዋጅ ቍጥር 3/1983 የተወሰነው የ48 ሰዓት ማስታወቂያ በወረርሽኝ ጊዜ ለአስተዳደሩ ምርመራ ይበቃልን? ጊዜው ቢረዝም መብቱ ምን ይሆናል?

4. የእኛ ማኅበር በሚመጣው ወረርሽኝ ጊዜ ሰልፍ ቢጠራ፣ ሰልፉን ያላዩትን እናት ስለ ዝግጅታችን ምን ብለን እናስረዳቸዋለን? እያንዳንዱ አባል መልሱን በአንድ ገጽ ጽፎ ለሚቀጥለው የክበቡ ስብሰባ ይዞ እንዲመጣ እንለምናለን።